ማንም ያልነገራቸው ጎርፍ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ የጨርቅ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «እሺ፣ አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ዝናብ ነው» ስላቸው ይስቃሉ። ያን ያህል ርቆ ሄዶ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። የሚጠብቁት ስለ ፎቁና ስለ ድልድዩ እንዳወራላቸው ነው። ድልድዩን ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ጉም ውጦት ነበር፤ በቃ። እኔ ከዚያ ይዤ የመጣሁት ንዴት ነው። ደሴ ሸዋ በር ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልጻፈው ብያለሁ። እዚያ የማይሄድ ያንብበው። የሚሄድ ካለ ደግሞ ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ያንብበው።

የሄድኩት ለእህቴ ነው። እትዬ ዘሐራ ታላቄ ናት። በወጣትነቷ ቆጵሮስ በምትባል የሜዲትራኒያን ደሴት ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆየች፤ ኋላ ዲቪ ደረሳትና ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ገባች። ብዙ ዘመን ሳንተያይ ኖርን። በስልክ «ቤትሽ እንዴት ነው?» ስላት «ደህና ነው» ትለኛለች። «ጉልበትሽስ?» ስላት «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። ሁሉ ነገሩ ደህና የሆነ ሰው ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል።

አርብ

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ አንዋር ነው፤ የሟቹ ወንድማችን ልጅ። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን ትልቅ መኪና ይነዳል። ሚስቱ ሙና የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ኦክላንድ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሙና ከሥራ ወጥታ ሳትቀመጥ ሩዝና ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝና እነሱ ሳሎን ተኙ። እንቢ ብል ማን ይሰማኛል።

በመንገድ ላይ ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኖ አየሁት፣ ልክ እንደ ጥር ወሎ። ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ ነው። እኛ ዘንድ በዚህ ወር ክረምቱ አልፎ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ እህሉ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። ይህን ለአንዋር ስነግረው ሳቀ።

«እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፣ አክስቴ። በጋውን ሙሉ ጠብ አይልም። ፎል፣ ማለት መከሩ፣ ሲገባ ነው ስቶርም የሚጀምረው። ዌዘሩ ሜዲትራኒያን ነው የሚባለው።»

በመከር ወር ዝናብ ይጀምራል ማለት ለእኔ እንደ እርግማን ነው የሚሰማኝ። በአጨዳ ወቅት የሚመጣ ዝናብ ምን እንደሚያደርግ የወሎ ሰው ያውቃል። ያኔውኑ ሳን ሆዜ ውሰደኝ አልኩት። እትዬ ዘሐራ ግን በስልክ ከለከለችኝ። ከመንገድ የመጣሽ ነሽ፣ እረፊ፣ አንዋርም እሑድ ነው ሥራ የማይገባው አለችኝ። እንደ ዋዛ አድርጋም ዝናብ ሊመጣ ነው አሉ ብላ ጨመረች።

ቅዳሜ

መጣ። ሌሊቱን ጀምሮ ጠዋት መስኮት ሳይ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ዝናቡን ነገሬ አላልኩትም። ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ እንዲያውም የኛ ሐምሌ ይበልጣል። ያናደደኝ ቅጠሉ ነው። በየመንገዱ ዳር የተተከለው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ውሃ መውረጃውን ሁሉ ደፍኖታል፤ ውሃው መሄጃ አጥቶ መኪና መንገድ ላይ ተኝቷል። ማንም ወጥቶ አይጠርግም። ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል። እኛ ሰፈር ቢሆን አንዱ አካፋ፣ አንዱ ዘንግ ይዞ ወጥቶ እስካሁን ከፍቶት ነበር። ለአንዋር እኔ ልውረድና ልክፈተው ብለው ደነገጠ። የከተማው ሥራ ነው፣ ሰው ይታዘበናል አለኝ። በጎርፍ ከመሄድ በሰው መታዘብ ይሻላል ብዬው ነበር፤ ሙና ሻይ አምጥታ አስቀመጠችኝ።

ትንሽ ቆይቶ የአንዋር ስልክ ጮኸ። ጩኸት ስል የስልክ ጥሪ ማለቴ አይደለም፤ ቤት የተቃጠለ ነው የመሰለኝ። ዞር ብሎ አየውና አጠፋው።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁሌ ነው የሚልኩት።»

«ለዘሐራም ይደርሳታል?»

«ይደርሳታል።»

«በምን ቋንቋ?»

ይህን ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝ። «በእንግሊዝኛ» አለ። «በስፓኒሽም ይልካሉ።»

እህቴ ሁለቱንም አታነብም። ስልክ የሚያህል ነገር በየሰው ኪስ እያስጮኹ፣ የሚሰማው ሰው ምን እንደተባለ ካልገባው ጩኸቱ ለማን ነው? አንዋርን እንደ ጥፋተኛ አፋጠጥኩት። እሱ ምን ያድርግ፤ ከሥራ ተደውሎለት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ ንፋሱ በርትቶ ወደቡ ላይ ያሉት ክሬኖች ቆመዋል፣ የሚጫን ነገር የለም። እኛ ደጅ ደግሞ አንድ ግዙፍ ዛፍ የጎረቤት መኪና ላይ ወደቀ። ባለቤትየዋ ወጥታ ዛፉን ከማንሳቷ በፊት በዝናብ ውስጥ እየዞረች በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ለኢንሹራንስ ነው አሉኝ።

እትዬ ዘሐራ ጋር ደወልኩ። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነው። ቆጵሮስ ሳለች ከዚህ የባሰ እንዳየች፣ እዚያም በጋው ሲያልፍ ባሕሩ ተነስቶ መንገድ ላይ ይወጣ እንደነበር አጫወተችኝ። የምትሠራበት ቤት እመቤት መጀመሪያ ሠራተኞቹን ወደ ላይ ፎቅ ታወጣ ነበር፣ ምንጣፉ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖባት ደመና ሲከብድ ልብሷን ከመሬት ታነሳለች፤ ወረቀቶቿንም በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አድርጋለች። ደህና የሆነ ሰው ለምን ዕቃውን ይሰቅላል ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችብኝ።

እሑድ

ሙና ሌሊት ተነስታ የጠበሰችውን ሳምቡሳ በሁለት ዕቃ አድርጋ ሰጠችን። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ማለት በደህና ቀን ከደሴ ሐይቅ ደርሶ እንደመመለስ ነው። እኛ ግን ግማሹን መንገድ ሳንጨርስ ፍሪዌዩ፣ ትልቁ አውራ ጎዳና፣ ተዘግቷል የሚል ምልክት አገኘንና ዩኒየን ሲቲ ላይ ወጣን። ከባቡር ድልድይ ሥር የሚያልፍ ዝቅ ያለ መንገድ አለ፤ ውሃ ሞልቶታል። አንዋር ቀጥ ብሎ ገባበት። ጥልቀቱን በምን አወቅህ ስለው «ኢትስ ኦኬ፣ አክስቴ» አለኝ። መኪናው መሀል ላይ ሁለቴ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ።

የኛ አገር ሹፌር ረዳቱን አውርዶ በዘንግ ያስለካል። ይህን ነገርኩት። ውሃው ጫማዬ ውስጥ እየገባ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ሳምቡሳውን ራሴ ላይ አድርጌ እየተሻገርኩም ደጋግሜ ነገርኩት። ከዳር የቆሙ ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹኝ። አንድም እጁን የዘረጋልኝ የለም።

ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነበርና በእግር ሄድን። ባቡሩ ቆሟል። ሐዲድ ላይ ዛፍ ወድቋል ይላል ከጣራው የሚወጣ ድምፅ፤ ድምፁ ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። የጣቢያ ሠራተኛ ፈልገን አጣን። የሚያወራው ሁሉ ማሽን፣ የሚጠብቀው ሁሉ ሰው። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ አንዋር እዚያው ከተማ ለሚኖር ግርማ ለሚባል ሰው ደወለ። ታክሲ የሚነዳ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ አንዋር የሚያውቀው መኪና ጥገና ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ነው፤ ያን ያህል ብቻ። ግርማ ወዲያው መጣ። መኪናው ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፎ ነበር።

ሚስቱ ሰብለ ደጅ ላይ ተቀበለችን። እርጥብ ልብሴን ተቀብላ የራሷን ቀሚስና ወፍራም ካልሲ ሰጠችኝ፤ ጫማዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በጸጉር ማድረቂያ ታደርቀው ጀመር። እንዲህ አይደረግም፣ ጫማ ነው ብላት አልሰማችኝም። ምግብ ሲቀርብ ከመቁረሴ በፊት ጎንበስ ብላ በቀስታ እንዲህ አለችኝ፤ «እትዬ፣ ስጋ የነካው ነገር የለም። ሽሮውን በአዲስ ድስት ነው የሠራሁት፤ እንቁላሉንም።» ሰላት ሲደርስ ሥዕለ ማርያም የሌለበትን ክፍል መርጣ ጠረገችልኝ፤ ግርማ አቅጣጫውን በስልኩ ፈልጎ አሳየኝ። ሰው ሳይጠይቁት እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል። አላህ ይስጣቸው። ያን ቀን በዚያ አገር ላይ የያዝኩት ቂም ሁሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች አይነካም።

እትዬ ዘሐራ ግን ስልክ አታነሳም። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ላከችልን። «ውሃው በር ላይ ደርሷል። ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል። ከኋላ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ስልኳ ጠፋ።

በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ቀልድ አልነበረም፤ ጫማዬን አንስቼ ነበር። ግርማ ምንም ሳይል ቁልፉን አንስቶ አስገባን። በሦስት መንገድ ሞከርን፤ አንዱ ላይ ውሃ፣ አንዱ ላይ የወደቀ የመብራት ምሰሶ፣ አንዱ ላይ ፖሊስ። ፖሊሱ እጁን ወደ ኋላ አወናጨፈና ሌላ መኪና ማናገር ያዘ። እህቴ ውሃ ውስጥ ናት በለው ብዬ አንዋርን ገፋሁት። ለሱም መልሱ ያው እጅ ነው። ተመለስን። ግርማ ሲመሽ እንዲህ አለኝ፤ «እትዬ፣ ሲነጋ አደርስዎታለሁ። መንገድ ባይኖር መኪናዬን ጥዬ በእግር እንደርሳለን።» አመንኩት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

ሰኞ

ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ሆኖ ነጋ። ግርማ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሳንታ ክላራ አስገባን። ዙሪያው መስተዋት የሆነ ሕንፃ፣ ፊቱ የተስተካከለ ሣር። ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣውን ሣር ውሃ ያጠጡታል። ከመሬት የሚወጣ ቧንቧ በራሱ ጊዜ እየተሽከረከረ ይረጫል። «አውቶማቲክ ነው» አለ ግርማ አፍሮ፣ እሱ የከፈተው ይመስል። ከዚያ ጥቂት ርቀት ላይ ሰው ከነቤቱ ውሃ ገብቶበታል፣ እዚህ ማንም ሳያዘው ሣር ይጠጣል። 

እህቴ ሰፈር ስንደርስ መንገዱ በቢጫ ሪባን ታጥሯል። መኪናውን ትተን በእግር ገባን። ውሃው እየሸሸ ነበር፤ ጭቃው ቀርቷል። ባለ ሁለት ፎቅ ረጅም አሮጌ ሕንፃ ነው፤ ከኋላው ወንዝ አለ፤ ቦርከና በበጋ የሚያህል ቀጭን ወንዝ፣ እሑድ ግን ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። የምድር ቤቱ በሮች ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ የሕፃን አልጋ ጭቃ ለብሶ ደጅ ላይ ተጥሏል። አንድ በር ብቻ ደረቅ ነው። በአሸዋ የተሞላ ጆንያ እስከ ወገብ ድረስ ተደርድሮለታል፣ ሥር ሥሩ ላስቲክ ተነጥፎለታል። የሕንፃው ማናጀር ቢሮ ነው፤ ከጀርባው የሚኖርበት ቤቱ ነው።

ከዚያ ቢሮ ቀጥሎ ያለው የእህቴ ቤት ነው። ገባሁ። አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው እስከ ጭኔ ድረስ ውሃ የነካው መስመር አለው። ልብሷ እንዳለችው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በላስቲክ የታሰረ ነገር አለ። እሷ የለችም። አንዋር መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። ቤቷን ሲያይ የመጀመሪያው እንደሆነ ከፊቱ አወቅሁ። ስንት ዓመት በአንድ ፍሪዌይ ጫፍና ጫፍ ኖረው! «ሁሌ እሷ ናት ኦክላንድ የምትመጣው» አለኝ፤ «ቢዚ ነን አክስቴ፣ እዚህ ሁሉም ቢዚ ነው።» መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ከላይ በስሜ ተጠራሁ።

«ሰዓዳ!»

ከፎቁ በረንዳ ላይ የሰው ፒጃማ ለብሳ ቆማለች፤ አበባ ያለበት፣ እጅጌው ክንዷ ላይ የቀረ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አቀፍኳት። መጀመሪያ የተናገረችው «ሳምቡሳ ይዘሻል መሰለኝ» ነው።

የለበሰችው ፒጃማ የላን ነው። ላን ከፎቅ የምትኖር ቬትናማዊት መበለት ናት፤ በዕድሜ ከእህቴ ታንሳለች፣ ቁመቷም የእህቴ አንገት ላይ አይደርስም። እህቴ የሆነውን ነገረችን። እሑድ ጠዋት ማናጀሩ ጆንያ እየደረደረ አየችው። ሁለቱን መኪናዎቹን ወደ ላይኛው ጎዳና ሲወስድም አየችው። ወጥታ በምትችለው ቋንቋ ውሃ ይመጣል ወይ ብላ ጠየቀችው። ፈገግ ብሎ «ፋይን፣ ፋይን» አላት። ፋይን ማለት ደህና መሆኑን ታውቃለች፤ ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች። ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት አልጋው ላይ ወጣች፤ ድምፁን የላከችልን ያኔ ነው። ያ የሰማነው የብረት ድምፅ ላን ናት። ሁለት የድስት ክዳን እያጋጨች ወርዳ፣ በሩን ሁሉ እየመታች፣ እህቴን ክንዷን ይዛ አወጣቻት። ሌሎችንም አወጣች። በሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ከነልጆቹ አንድ የሜክሲኮ ቤተሰብ፣ አንድ ሽማግሌና እህቴ አደሩ።

አገሬ ቦርከና ዳር ልብስ ሲታጠብ፣ ከብት ሲጠጣ፣ ከላይ ያለ ሰው ውሃው ሞልቶ ሲመጣ ካየ «ደራሽ! ደራሽ!» ብሎ ይጮኻል። ታች ያለው ሰምቶ ይወጣል። የሚጮኸው ሰው ታች ማን እንዳለ አያጣራም፤ ደመኛውም ሊሆን ይችላል። ስልክ የለ፣ ደመወዝ የለ። ይህ ሰው ግን ከእህቴ በር እጁን ቢዘረጋ የሚደርስ ነው። ጆንያውን ሲደረድር ጫፉ የእሷን ግድግዳ ይነካል። ይህን እያሰብኩ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቆምኩ፤ ላን ብርድ መስሏት ብርድ ልብስ አመጣችልኝ።

ግርማና አንዋር የቆመውን መኪና ሊያነሱ ሄዱ፤ እኔ ከእህቴ ጋር ቀረሁ። ላን የሩዝ ገንፎ በዓሳ ሠራችልን። ሁለት ድስት ነበር የተጣደው። አንደኛው ትንሽ፣ እጀታው በቀይ ክር የታሰረ። እህቴ የሷ ድስት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ላን የአሳማ ነገር እንዳይነካው ለብቻው ነው የምታስቀምጠው፣ ዓመታት ሆኖታል። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ሃያ የማይሞላ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ቀሪው እጅ ነው። እኛ የሥጋ ዘመዶቿ የማናውቀውን ይህች ሴት ታውቃለች፤ የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት ሳይቀር።

ከሰዓት የእህቴ ስልክ በላን ቻርጀር ነፍስ ሲዘራ ወዲያው ተደወለ። ከሥራዋ ነው። ሳንታ ክላራ ካሉት መስተዋት ቤቶች በአንዱ ካፍቴሪያ ሳህን ታጥባለች፤ ለምን ቀረሽ ይሏታል። «ፍላድ» አለቻቸው፤ ጎርፍ ማለቷ ነው። ነገ ትመጫለሽ ወይ አሏት።

ማክሰኞ

አንዋር ጠዋት መጣ፤ መኪናው ተነስቷል። የእህቴን ዕቃ ስናወጣ ማናጀሩ የምድር ቤት ተከራዮችን ግቢው ላይ ሰበሰበ። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ ፈገግታ የማይለየው። አንዋር እንደተረጎመልኝ፣ ቤቶቹ ለመኖሪያ ስለማይሆኑ ሁሉም ዕቃውን ቶሎ ያውጣ፣ ጥያቄ ያለው ወደ ኩባንያው ይደውል ነው የሚለው። ሲጨርስ ሊገባ ዞረ።

«ቁም በለው» አልኩ አንዋርን። «እንዲህ በልልኝ። ውሃው እንደሚመጣ አውቀሃል። ባታውቅ ጆንያ አትደረድርም፣ መኪናህን አታነሳም። እግሯን የማትችል ሴት አጠገብህ ተቀምጣ፣ መጥታ እየጠየቀችህ፣ ደህና ነው ብለህ መለስካት። ብትሞትስ ኖሮ? በኛ አገር ውሻ እንኳ ባዕድ ሲመጣ ለሰፈሩ ይጮኻል በለው።»

አንዋር ጉሮሮውን ጠራረገና አንድ አጭር ነገር ተናገረ፣ ፈገግ እያለ። ሰውየውም ፈገግ አለ።

«ምን አልከው?»

«አክስቴ በጣም አዝናለች አልኩት።»

«አዝኛለሁ አልኩህ እኔ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አክስቴ፣ እዚህ እንዲህ አይባልም። ነገ ለሷ ሌላ ቤት ስንፈልግ ሪፈረንስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጥሩ ተከራይ ነበረች ካላለ ማንም አያከራያትም።»

ከሁሉም የበለጠ ያቃጠለኝ ይህ ነው። በውሃ ሊያስበላት የነበረው ሰው ጥሩ ሰው መሆኗን የሚመሰክርላት እሱ ነው። አንዋርን ልሰድበው ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ላይ ያለው ፍርሃት እንጂ ክፋት አልነበረም። የሚኖርበትን አገር ሕግ ያውቃል። ስድቡን ዋጥኩት።

ያኔ እትዬ ዘሐራ የላንን ትከሻ ተደግፋ ወደ ፊት መጣች። በስልክ ሁሉ ነገር ደህና ነው የምትለው እህቴ። ሰውየው ፊት ቆመችና በጣቷ ዓይኗን አሳየችው።

«ዩ ሲ ወተር» አለችው።

ወደ መኪናዎቹ ጠቆመች። «ዩ ሙቭ ካር።»

ከዚያ እጇን ጨብጣ በአየር ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። «ዩ ኖ ኖክ ማይ ዶር።»

ድምፅዋን አላነሳችም። እንግሊዝኛ የማላውቀው እኔ እንኳ አንዲትም ቃል አላመለጠችኝም። የሜክሲኮው አባወራ ራሱን ነቀነቀ፤ ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ማናጀሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀልቡ ሸሸ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር አጉተመተመ። አንዋር በዚህ ጊዜ ሳያለዝብ ተረጎመው፤ «ለተከራይ አሳውቅ ብሎ ኩባንያው አላዘዘኝም ነው የሚለው።»

«በር ለማንኳኳትም ትእዛዝ ያስፈልጋል ወይ በለው» አልኩ። አንዋር አለው። ቃል በቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይፈግግ። ሰውየው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያገኘነው ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ ምንም ነው። ኩባንያው ጋር አንዋር ደወለ፤ ቆዩ ይላል ማሽኑ፣ ሙዚቃ ያሰማል፣ ይዘጋል። ይቅርታ ያለን የለም። የሆነው አንድ ነገር ነው፤ አንዋር ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ ሳን ሆዜ ይሄዳል። እኔም ወደ ኦክላንድ እንውሰድሽ፣ ካልሆነ አገርሽ ግቢ ብዬ ለመንኳት። ሥራዬ እዚህ ነው፣ ላን እዚህ ናት አለችኝ። ላን ሳሎኗን ለሁለት ከፍላ ሰጠቻት፤ የፎቅ ቤት እስኪገኝ አብረው ይኖራሉ። ቀሪውን ጊዜዬን እዚያው አሳለፍኩ፤ ላን እጄን ይዛ በስስ የሩዝ ቂጣ የሚጠቀለለውን የቬትናም ጥቅል አስተማረችኝ፣ እኔም ሳምቡሳ አጣጠፍ አሳየኋት። ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ።

ንዴቴ ግን አብሮኝ ተሳፍሮ ደሴ ገባ። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ እትዬ ዘሐራ ደወለች። ሌላ ዝናብ መጥቶ ነበር አለች። ከምድር ቤቶቹ ገሚሱ ታድሰው አዲስ ተከራይ ገብቶባቸዋል። ጎህ ሲቀድ ወንዙ ከአጥሩ ሊደርስ ሲል አይታ፣ ከላን ጋር ወርደው በሮቹን ሁሉ አንኳኩ። ሰው ሁሉ ፎቅ ወጣ። ውሃው ከአጥሩ ሳያልፍ ቀረ፣ አልሐምዱሊላህ።

«ሁሉንም በር?» አልኳት።

«ሁሉንም።»

«የማናጀሩንም?»

«የሱንም» አለች። «ተኝቶ ነበር፤ መጀመሪያ አልሰማም።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ደንበኛዋ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ምንም አልኳት፤ ጨርቁን አጣምሜ ቆረጥኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ደወልኩ።

«ኋላስ ሰማ?» አልኳት።

«እስኪሰማ አንኳኳን» አለችኝ።